የእናት የእጅ ሻንጣ፦ ቅቤው ወደ ታች፣ መድኃኒቱ ወደ ላይ

ጥያቄ፦ «እናቴ 68 ዓመታቸው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ እኔን ለመጠየቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ይመጣሉ። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ለግፊቱ ጠዋት ክኒን ይውጣሉ፣ ለስኳሩ ማታ ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ዘመዶቻችን ‹የተነጠረው ቅቤና በርበሬው ከታች ከተጫነ አየር ስለሌለ ይፈነዳል፣ በእጅ ይያዙት፤ መድኃኒቱና ፓወር ባንኩ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ይግባ› ብለው መክረዋቸዋል። እግራቸው እንዳያብጥ አስፕሪን ይዋጡ ያላቸውም አለ። የእጅ ሻንጣቸው 7 ኪሎ ብቻ ነው። ምን ቢይዙ ነው ጉዞው የሚቀልላቸው?»

ምላሽ፦ ለእናትዎ የተሰጠው ምክር ከሞላ ጎደል ተገልብጦ ሊነበብ የሚገባው ነው። ቅቤውና በርበሬው ወደ ትልቁ ሻንጣ፣ መድኃኒቱና ፓወር ባንኩ ወደ እጅ ሻንጣ ይግቡ፤ አስፕሪኑ ይቅር። ምክንያቱን በየተራው አስረዳለሁ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ቦሌ ላይ ሻንጣው ተከፍቶ «ይህ ወዴት ይሂድ?» በሚባልበት ሰዓት አይደናገርምና።

በቅድሚያ የመፈንዳቱን ነገር እናጥራ። የአውሮፕላን የዕቃ ክፍል አየር የሌለበት ጉድጓድ አይደለም። መንገደኛው የተቀመጠበት ካቢንና ከእግሩ በታች ያለው የዕቃ ክፍል የአየር ግፊታቸው አንድ ነው። በበረራ ላይ ይህ ግፊት ቢቀንስ ቢቀንስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ካለው አየር ጋር እስኪመሳሰል ድረስ ነው፤ እንደ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ባሉት አዳዲስ አውሮፕላኖች ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ የሚገኘው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባ ሰው አውሮፕላን ሲሳፈር ከለመደው እጅግ የሳሳ አየር አይገጥመውም፤ በ787 ከተሳፈረ እንዲያውም አየሩ ወደ ባሕር ዳር ከተማ የወረደ ያህል ነው። በዚህም ምክንያት አዲስ አበባ ላይ የተከደነ የቅቤ ዕቃ በጉዞው ላይ አይነፋም፤ ይልቁንም ለባሕር ወለል በቀረበው በዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያርፍ በውስጡ የቀረው አየር በሩብ ያህል ተጨምቆ የፕላስቲኩ ጎን ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የሚነፋው በመልሱ ጉዞ ነው። አሜሪካ ውስጥ ታሽጎ የመጣ የድንች ጥብስ ከረጢት አዲስ አበባ ሲደርስ እንደ ኳስ ተወጥሮ የሚታየው ለዚህ ነው።

ቅቤን የሚያፈስሰው ታዲያ ሙቀትና የላላ ክዳን ነው። የተነጠረ ቅቤ ረግቶ ሲጫን ዕቃው ቢወረወርም ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ለብ እንዳለ ከተሞላና ክዳኑ ተጭኖ ብቻ የሚዘጋ ከሆነ ግን የልብሱን ሻንጣ በሙሉ ያበላሻል። ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ይርጋ፤ ተጠምዝዞ የሚዘጋ ክዳን ባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ይሞላ፤ አፉ በፕላስተር ይታሸግ፤ በሁለት ላስቲክ ተጠቅልሎ በሻንጣው መሃል፣ ከየአቅጣጫው ልብስ እንዲደግፈው ሆኖ ይቀመጥ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ ለሚሄድ የኢኮኖሚ መንገደኛ በተለምዶ እያንዳንዳቸው እስከ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎችን ስለሚፈቅድ ለቅቤ የሚሆን ቦታ አይጠፋም፤ የእናትዎ ትኬት ላይ የተጻፈውን ግን ራስዎ ይመልከቱ።

ቅቤው በእጅ ቢያዝ ደግሞ ከፍተሻው አያልፍም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ለንደን ውስጥ በፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላኖችን የማጥቃት ሤራ ከተደረሰበት ወዲህ ከ100 ሚሊ ሊትር በሚበልጥ ዕቃ የተያዘ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ ይዞ መግባት በአብዛኛው ዓለም ተከልክሏል። ለፈታሹ «ፈሳሽ» ማለት የሚንቆረቆረው ብቻ ሳይሆን የሚቀባውና የሚለጠፈውም ነው። ቅቤ፣ ማር፣ አዋዜ፣ የለውዝ ቅቤና ሎሽን ሁሉም በዚሁ ይቆጠራሉ። የሚለካውም የዕቃው መጠን ነው፤ ግማሹ ያለቀ የ200 ሚሊ ሊትር ቅባት ይወሰዳል።

በርበሬውን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ሕግ አለ። ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2018 ጀምሮ ከውጭ አገር በቀጥታ ወደ አሜሪካ በሚገቡ በረራዎች ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ፣ ማለትም ከአንድ የለስላሳ ቆርቆሮ ጥቂት የሚበልጥ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተገኘ ለብቻው ይመረመራል፤ ምርመራው ምንነቱን ካላረጋገጠ ወደ ካቢን አይገባም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥንና በሶ ሁሉም ዱቄት ናቸው። ፍጹም ክልከላ አይደለም፣ ሊያልፍም ይችላል። ነገር ግን የ68 ዓመት እናት ሌሎቹ መንገደኞች ወደ አውሮፕላኑ እየገቡ ሳለ ቆመው የሁለት ኪሎ በርበሬ ዕጣ ሲጠብቁ ማሰብ ይበቃል። ዱቄት ሁሉ ወደ ታች ይጫን።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ማሳሰቢያ፦ የምግቡን ዝርዝር በእንግሊዝኛ ጽፈው ፓስፖርታቸው ውስጥ ያስቀምጡላቸው። ምግብ ይዞ አሜሪካ መግባት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ተጠይቆ «የለኝም» ማለት ግን ያስቀጣል፣ የመጀመሪያው ቅጣትም እስከ 300 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ቋንጣ ግን ሥጋ ነውና ይቅር፤ ተናገሩም አልተናገሩም ይወሰዳል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። መድኃኒት ትልቁ ሻንጣ ውስጥ የማይገባው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሻንጣ ይዘገያል፤ ባለቤቱ ደርሶ ሻንጣው ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ መምጣቱ በማንኛውም አየር መንገድ ያጋጥማል። ልብስ ልጅ ታበድራለች፤ ኢንሱሊንን ግን አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝና ያለ ኢንሹራንስ በአንድ ቀን ማግኘት ቀላል አይደለም። ሁለተኛ፣ ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም አይሠራም፤ መልኩ ግን ደህና ሊመስል ይችላል። የዕቃ ክፍሉ ቅዝቃዜና በየማረፊያው በፀሐይ ላይ የሚቆይበት ጊዜ የማይታወቅ ስለሆነ ኢንሱሊን ሁልጊዜ ከባለቤቱ ጋር ይጓዛል።

አያያዙ እንዲህ ነው። በመወጋት ላይ ያለው ኢንሱሊን ብዙ ጊዜ በክፍል ሙቀት እስከ 28 ቀን ይቆያል፤ የእናትዎ ዓይነት ስንት ቀን እንደሚቆይ ከሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ይናገራል። ያልተከፈቱት ደግሞ ቅዝቃዜ በሚይዝ ትንሽ ቦርሳ ይያዙ፤ ማቀዝቀዣው ጥቅል ኢንሱሊኑን እንዳይነካ በመሃሉ ፎጣ ይግባ። «ፍሪጅ ውስጥ አድርጉልኝ» ብሎ ለአስተናጋጅ መስጠትን አልመክርም። በበረራ አስተናጋጅነት በሠራሁባቸው ዓመታት በበረዶ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ በረዶ የሠራ የመንገደኛ መድኃኒት ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ፤ ስህተቱ የእኛው ነበር፣ የተጎዳው ግን ባለ መድኃኒቱ ነው። የሚወጉት በብዕር መሳይ መርፌ ከሆነ ከእያንዳንዱ መወጋት በኋላ መርፌው ይነቀል፤ ተሰክቶ ከቀረ ከፍታው ሲቀያየር አየር ይገባበታልና መጠኑ ይዛባል። የስኳር መለኪያው፣ የጣት መውጊያውና የደም መፈተሻ ወረቀቶቹም ከዚሁ ጋር አብረው ይሁኑ። ኢንሱሊንና አስፈላጊ መድኃኒት ከ100 ሚሊ ሊትሩ ሕግ ነፃ ናቸው፤ እናትዎ ግን ፍተሻው ላይ ሳይጠየቁ ቀድመው ማሳየት አለባቸው።

ሌላው የፋርማሲዎቻችን ልማድ ነው። ክኒን ከእሽጉ ተቆርጦ በትንሽ ወረቀት ተጠቅልሎ ይሰጣል፤ በላዩ ላይ የሚጻፈው «1×1» ብቻ ነው። ይህ ለቤት ይበቃል፣ ለጉምሩክ ግን አይበቃም። መድኃኒቱ ስሙ በሚነበብበት ሳጥኑ ይያዝ፤ ሐኪማቸውም የሕመሙን ዓይነት፣ የመድኃኒቱን የሳይንስ ስምና መጠኑን በእንግሊዝኛ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይጻፍላቸው። መጠኑ ከ90 ቀን እንዳያልፍ፤ አሜሪካ ለግል ጥቅም የሚገባን መድኃኒት የምትለካው በዚህ ነው። በነገራችን ላይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኩል የሚያልፍ ወይም ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከዚህም በላይ መጠንቀቅ አለበት፤ ለምሳሌ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎች አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠየቅባቸው ናቸው።

የሰዓቱ ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ ስሌት የሚሻ ነው። እናትዎ ኢንሱሊኑን የሚወጉት ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው እንበል። በተነሡበት ቀን አዲስ አበባ ላይ ከተወጉ ልክ ከ24 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ፣ አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት በምትገፋባቸው ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባሉት ወራት፣ ዋሽንግተን ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ በቀሩት ወራት ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት። ስልካቸው ሲያርፉ ሰዓቱን በራሱ ይቀይራል፤ በላዩ ላይ የሚያዩት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር 2 ወይም 1 ሰዓት ነው። «ማታ 3 ሰዓት» ብለው የለመዱ እናት የዋሽንግተኑን ማታ ቢጠብቁ መድኃኒቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ይዘገያል። በአዲስ አበባው ሰዓት ይቀጥሉ ወይስ ቀስ በቀስ ወደ አሜሪካው ማታ ይሸጋገሩ የሚለውን እኔም እርስዎም አንወስንም፤ ሐኪማቸው ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በፊት ይወስንና ውሳኔው በትልልቅ ፊደል በወረቀት ላይ ይጻፍ። በእጃቸው ላይ የምትታሰር ሰዓት ካለቻቸው እርስዎ ጋ እስኪደርሱ ድረስ የአዲስ አበባን ጊዜ እንዳትለቅ ያድርጉ።

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው የሚፈራው የስኳሩን ከፍ ማለት ብቻ አይደለም፤ ምግብ ሲዘገይ ዝቅ ማለቱ ይበልጥ ያስቸኩላል። የአውሮፕላን ምግብ የሚቀርበው በመንገደኛው ረኀብ ሳይሆን በአየሩ ጠባይ ነው፤ አውሮፕላኑ ከተንቀጠቀጠ ጋሪው ይቆማል። ከረሜላ፣ ብስኩትና አንድ እፍኝ ቆሎ እጃቸው በሚደርስበት ኪስ ይኑር። ጭማቂ አይመከርም፣ ከፍተሻ ላያልፍ ይችላልና። ከረሜላው ለጆሮም ይጠቅማል። ቀደም ብዬ በገለጽኩት ምክንያት የአዲስ አበባ ሰው ጆሮ የሚጨነቀው ሲነሣ ሳይሆን ከባሕር ዳር ከፍታ ወደ ባሕር ወለል በሚወርድበት በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ነው፤ በዚያን ጊዜ ነቅቶ ምራቅ መዋጥ ይበጃል። የሚጓዙት በጾም ወቅት ከሆነ የጾም ምግብ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት በእርስዎ በኩል ይታዘዝ፤ አውሮፕላን ውስጥ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ፓወር ባንክ ወደ ታች አይጫንም፤ ይህ ልመናም ድርድርም የለውም። የሊቲየም ባትሪ ሲበላሽ በራሱ ይነድዳል፤ ካቢን ውስጥ ቢነድ ሠራተኛ ያየዋል፣ የዕቃ ክፍል ውስጥ ግን ማንም አይደርስለትም። የባትሪ አቅም በሚለካበት ዋት ሰዓት (Wh) እስከ 100 ድረስ ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ በእጅ ይያዛል። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል የተለመደው ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ ችግር የለበትም፤ ጽሑፉ የጠፋ ወይም ያበጠ ከሆነ ግን ቤት ይቅር። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ አንድ አውሮፕላን ገና መሬት ላይ ሳለ ከራስ በላይ ካለው የዕቃ ማስቀመጫ በተነሣ እሳት ከተቃጠለ ወዲህ ብዙ አየር መንገዶች ፓወር ባንክ ላይኛው ማስቀመጫ ውስጥ እንዳይገባ፣ አንዳንዶቹም በበረራ ላይ ጨርሶ እንዳይሠራበት ከልክለዋል። እናትዎ በሚደርሱበት ኪስ ይያዙት፤ ስልካቸውን ከመቀመጫው መሰኪያ ቢሞሉት ደግሞ ይሻላል።

የእግር ማበጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሰው ግን ያደባልቃቸዋል። ከጉዞው በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን የሚጎድለው የሁለቱም ቁርጭምጭሚት እብጠት ረጅም ሰዓት ከመቀመጥ የሚመጣ ነው፤ ያስቸግራል እንጂ አይጎዳም። የሚፈራው በእግር ጥልቅ ደም ሥር ውስጥ የሚረጋው ደም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ ይህን አደጋ በእጥፍ ገደማ ያሳድገዋል፤ ያም ሆኖ የሚያጋጥመው ከ6,000 መንገደኛ በአንዱ ያህል ነው። አስፕሪን ለዚህ ተብሎ አይወሰድም፤ ለመንገደኛ ያለው ጥቅም አልተረጋገጠም፣ ጨጓራን ማድማቱ ግን የታወቀ ነው። ለልብ ወይም ለሌላ ሕመም ታዝዞላቸው የሚወስዱት ከሆነ እንደ ወትሮው ይቀጥሉ። የሚጠቅመው በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ተነሥቶ መራመድ፣ ተቀምጠውም ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግና እግር የሚዘረጋበትን ቦታ በሻንጣ አለመዝጋት ነው። የመጨረሻውን አጥብቄ የምለው ከፊት ወንበር ሥር የተጠቀጠቀ ሻንጣ እግርን ለ16 ሰዓት ስለሚያስር ነው። ጠበቅ የሚለው የሕክምና ካልሲም ይረዳል፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመት ስኳር ያለበት ሰው የእግሩ የደም ዝውውር ተዳክሞ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሳያየው አይልበስ። በጉዞው ወይም በተከታዮቹ ሳምንታት አንዱ እግር ብቻ ካበጠና ባታቸውን ካመማቸው፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ያለ ቀጠሮ ሐኪም ጋ ይወሰዱ።

ስለ ምቾት የሚነገረው አብዛኛው ነገር ኪሎ የሚበላ ሸቀጥ ነው። የአንገት ትራስ አልቃወምም፤ ሆኖም ነጠላ ተጠቅልሎ አንገት ሥር ሲገባ ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ሲዘረጋ ይለበሳል፣ ዓይን ላይ ሲጣል ብርሃን ይከልላል። ካቢን ይቀዘቅዛል፤ ጋቢ ከፈለጉ ለብሰውት ይግቡ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት። የካቢን አየር እርጥበቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ስለሆነ አፍንጫ፣ ከንፈርና ዓይን ይደርቃሉ፤ ይህ ማለት ግን ሰውነት ውሃ አልቆበታል ማለት አይደለምና «ሦስት ሊትር ጠጡ» የሚለውን ምክር መከተል መጸዳጃ ቤት ማመላለስ ብቻ ነው። ሲጠማ መጠጣት፣ በየምግቡም አንድ ብርጭቆ መጨመር ይበቃል። ቡና ከለመዱ ይጠጡ። ባዶ የውሃ ኮዳ ይዘው ከገቡ አስተናጋጆቹ ይሞሉላቸዋል፤ ሙሉ ጠርሙስ ግን ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ መሳፈሪያ በር ላይ ዳግመኛ ፍተሻ ካለ ሊወሰድባቸው ይችላል። ትንሽ ቫዝሊን፣ የጆሮ መድፈኛ፣ አንድ ትርፍ የውስጥ ልብስና ካልሲ፣ ደግሞም የሚለቀቅ ነጠላ ጫማ ይጨመር። ሲነሡ ልክ የነበረ ጫማ ሲያርፉ አልገባ ይላል።

ሻንጣው ራሱ ምን ይሁን? የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል የሚፈቅደው 7 ኪሎና 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር ነው። ጎማ ያለው ደረቅ ሻንጣ ባዶውን ከ2 ተኩል እስከ 3 ኪሎ ይመዝናል፤ ከሰባቱ ኪሎ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ለጎማና ለእጀታ ሄደ ማለት ነው። በዚያ ላይ እናትዎ ከራሳቸው በላይ ሊያነሡት አይችሉም። ስለዚህ ቁርጥ ያለ ምክሬ ይህ ነው፦ ከአንድ ኪሎ የማይበልጥ ለስላሳ የጀርባ ቦርሳ ይግዙላቸው፤ በውስጡም አንገት ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ የጎን ቦርሳ ትኑር። በጎን ቦርሳዋ ውስጥ ፓስፖርት፣ መድኃኒት ሁሉ፣ የስኳር መለኪያው፣ ከረሜላ፣ መነጽር፣ ስልክ፣ ፓወር ባንክ፣ እስክሪብቶ፣ የእርስዎ አድራሻና ስልክ ቁጥር በወረቀት። በጀርባው ቦርሳ ነጠላ፣ ቅያሪ ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ብስኩትና ኮዳ። አውሮፕላን ውስጥ ሲገቡ የጀርባው ቦርሳ ወደ ላይ ይሄዳል፣ የጎኗ ቦርሳ ከእርሳቸው አትለይም። ሁሉም ተደምሮ 5 ኪሎ እንዳያልፍ። የቀሩት 2 ኪሎዎች ባዶ ይቅሩ፤ ለቅቤ አይደሉም።

ይህን መለየት የሚያስፈልገው ሌላም ምክንያት አለው። አውሮፕላኑ ሲሞላ በመሳፈሪያው በር ላይ የእጅ ሻንጣ ተቀብለው ወደ ታች ሊጭኑት ይችላሉ። በዚያች ደቂቃ ሰው ተደናግጦ ሻንጣውን እንዳለ ይሰጣል፤ ኢንሱሊኑም ፓወር ባንኩም አብረው ይወርዳሉ። መድኃኒቱ አስቀድሞ አንገት ላይ ከተንጠለጠለ ግን የጀርባው ቦርሳ ቢወሰድም የሚጎድል ነገር የለም። የዊልቸር አገልግሎትም ትኬት ሲቆረጥ ይጠየቅ። መራመድ ቢችሉም፣ ቋንቋ ለማይችልና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጓዝ ሰው ዊልቸሩ መንገድ መሪ ነው፤ ቦርሳው ጭን ላይ ስለሚቀመጥም ለስላሳ መሆኑ እዚህ ላይ ይታወቃል። መቀመጫቸው የመተላለፊያው ዳር ይሁን።

ከሁሉ በላይ የእጅ ሻንጣን የሚሞላው አደራ ነው። ጉዞው በተሰማ ቁጥር «ትንሽ ነገር ናት» ተብላ የታሸገች ፌስታል ትመጣለች፤ እናትዎም እምቢ ማለት ያፍራሉ። አንድ ሰው በያዘው ሻንጣ ውስጥ ለተገኘው ሁሉ ተጠያቂው ራሱ ነው፤ «የሰው ነው» የሚለው መልስ የትም አገር ጉምሩክ ፊት አይሠራም። ጫት እንኳ አሜሪካ ውስጥ የተከለከለ ዕፅ ነው። የታሸገ አደራ በምንም ምክንያት አይያዝ፤ ተከፍቶ የታየና የሚታወቅ ነገር ከሆነ ደግሞ ወደ ትልቁ ሻንጣ እንጂ ወደ እጅ ሻንጣ አይግባ። «ልጄ ከልክላኛለች» እንዲሉ ፈቃድ ይስጧቸው፤ እምቢታው በእርስዎ ላይ ቢያርፍ ይሻላል።

የጠየቁት ስለ ጉብኝት ጉዞ ነውና ይህ ይበቃል። በዲቪ ወይም በቤተሰብ ማገናኘት የሚመጣ ሰው ግን ኤምባሲው የታሸገ ፖስታ ከሰጠው ሳይከፈት በእጅ ሻንጣው ውስጥ መያዝ አለበት፤ የራጅ ፊልሙም እንዲሁ።

ቦርሳ የማይፈታው ነገርም አለ። ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ወደ አሜሪካ የሚሄድ አውሮፕላን በከፍታው ምክንያት ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ መነሣት ስለሚቸግረው በመንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። መንገደኞች በዚያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ አይወርዱምና «ደረስን» ብለው እንዳይነሡ አስቀድመው ይንገሯቸው። ስኳራቸው ሰሞኑን ከተዛባ፣ ቀዶ ጥገና ካደረጉ ወይም ደረታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የሻንጣ ሳይሆን የመብረርና ያለመብረር ነውና ሐኪማቸው ቀድሞ ይወስን።

ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት በቪዲዮ ይደውሉላቸውና ወንበር ላይ ተቀምጠው ወገባቸውን በነጠላ ታስረው፣ የጎን ቦርሳዋን አንገታቸው ላይ አድርገው ሳይነሡ መለኪያውን፣ ከረሜላውንና የሰዓቱን ወረቀት እንዲያወጡ ያድርጉ። መብራቱ ይጥፋና ይድገሙት። ያላገኙት ነገር ካለ የተቀመጠበት ኪስ ይቀየር።